ማን የማን ደቀ መዝሙር ነበር?

የግዕዙ ወንጌል የክርስቶስን ተከታዮች «አርዳእ» ይላቸዋል። ነጠላው «ረድእ» ነው፤ የሚረዳ፣ የሚያግዝ ማለት ነው። ዛሬ «ረዳት» ከምንለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። «ደቀ መዝሙር» ደግሞ ቃል በቃል ሲፈታ የመዝሙር ልጅ ማለት ነው። በመጀመሪያው ስሙ ተማሪው ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ መምህሩን የሚያገለግል ሰው ነው። በሁለተኛው ስሙ ከመምህሩ አፍ ቃልና ዜማ እየተቀበለ የሚያድግ ልጅ ነው። ሁለቱም ስሞች ደቀ መዝሙርነት ከዕውቀት ፍለጋ የሰፋ የኑሮ ጉዳይ መሆኑን ይመሰክራሉ።

ለመሆኑ የዚህ ኑሮ ፍጻሜው ምንድን ነው? ልጅ ያድጋልና፣ ያደገ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ከገዛ ታሪካችን የሁለት ገዳማትን ነገር ማንሳት ይጠቅማል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ከመነኮሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ወሎ ሐይቅ መጡ። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በፊትም በስፍራው ነበረ፤ እርሳቸው ግን ገዳምና ትምህርት ቤት አደረጉት። መጻሕፍት አሰባሰቡ። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ የሰጡት የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ይሁንና ትልቁ ሥራቸው ብራናው አልነበረም፤ ሰዎቹ ነበሩ። ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ሂሩተ አምላክ በጣና ደሴት ዳጋ እስጢፋኖስን እንደመሠረቱ ይነገራል። ከሸዋ መጥተው በሐይቅ የተማሩት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ወደ አገራቸው ተመልሰው ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህም ገዳም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1445፣ ደብረ ሊባኖስ ተባለ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው ለሐይቅ ትምህርት ቤት ትልቅ ስፍራ የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ምንኩስና ወደ ደቡብ የተስፋፋው ከዚያ ቤት በወጡ ተማሪዎች ነበር።

ክርክሩ የመጣው በኋላ ነው። በደብረ ሊባኖስ ወገን በሚነገረው ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ተነሥተው ደብረ ዳሞ ወጡ፤ ከአባ ዮሐኒ እጅም ቆብና አስኬማ ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ሐይቅ ተመልሰው ለቀድሞ መምህራቸው ለኢየሱስ ሞዓ ቆቡንና አስኬማውን ሰጡ። በዚህ አተራረክ ተማሪው ለመምህሩ መምህር ሆነ ማለት ነው። የሐይቆቹ ትውፊት ግን ይህን አይቀበልም፤ ምንኩስናን የሰጡት ኢየሱስ ሞዓ፣ የተቀበሉት ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል።

ለአንድ ቆብ ይህን ያህል መከራከር ምን ይባላል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በመነኮሳት የትውልድ ቆጠራ ግን ማን ለማን ቆብ ሰጠ ማለት ማን የማን አባት ነው ማለት ነው። አባትነት ደግሞ ክብርን ያስከትላል። የሐይቁ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው፤ የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት ደግሞ «እጨጌ» ተብሎ ከጳጳሱ ቀጥሎ የሚቆም ሆነ። ገድሎቹ የተጻፉት ሁለቱ ቅዱሳን ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ገዳማቱ በክብር በሚፎካከሩበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በብራናው ላይ የምንሰማው ድምፅ ከሁለቱ አባቶች ድምፅ ይልቅ የተከታዮቻቸው ድምፅ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን አባት ከፍ ለማድረግ ሲሉ የሌላውን ዝቅ ማድረግ ግድ የሆነባቸው ይመስላል። ይሁን እንጂ የደብረ ሊባኖሱን ትረካ ከፉክክሩ ነጥለን ብናነበው፣ ትልቅ ሆነው የሚታዩት ማን ናቸው? በእኔ አስተያየት ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ውኃ ሲቀዳላቸው ከነበረ ተማሪ ፊት ዝቅ ብሎ መቀበል የሚችል መምህር፣ መምህርነቱ የሚረጋገጠው ያኔ ነው። ክርስቶስም በመጨረሻዋ ምሽት የተማሪዎቹን እግር አጥቦ የለ? የሐይቁን ትረካ ብንወስድ ደግሞ፣ የብዙ ገዳማት አባት የሆኑት ተክለ ሃይማኖት እስከ መጨረሻው ልጅ ሆነው ይታያሉ። ይህም ቢሆን ክብር እንጂ ውርደት አይደለም። ለማሳነስ የተነገረው ሁሉ፣ በወንጌል ሚዛን ሲመዘን፣ ማክበር ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ደቀ መዝሙርነት ደረጃ አይደለም፤ ተመርቀው የሚወጡበት ክፍልም አይደለም። መምህሩ ተማሪውን ለራሱ አያስቀረውም። ሐይቅ ልጆቿን በጉያዋ ይዛ ብትቀር ኖሮ ዳጋም ደብረ አስቦም በእነርሱ እጅ ባልተመሠረቱ ነበር። ተማሪውም ትልቅ ሆንኩ ብሎ ረድእነቱን አይጥልም። ዛሬም በየአጥቢያው፣ በየማኅበሩ፣ በየጉባኤው «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ» የሚል የመምህራን ቆጠራ እንሰማለን። ከማን እንደተማሩ ማወቅ መልካም ነው፤ ምስጋናም ነው። የመምህሩ ስም ሌላውን መምቻ በትር ሲሆን ግን፣ ቆብና አስኬማው ቀርቶ ረድእነቱ ጠፍቷል ማለት ነው።