የጊኒ ፒግ እርግዝናና ወሊድ

ጊኒ ፒግ ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የመጣች፣ ከአይጥ ወገን የምትመደብ ጭራ አልባ የቤት እንስሳ ናት። እርግዝናዋ ከ59 እስከ 72 ቀን ይፈጃል። አይጥ በ3 ሳምንት ገደማ እንደምትወልድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ረጅም ነው፤ ምክንያቱ ግን ሲወለዱ ይታያል። ግልገሎቹ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4፣ ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠውና ጥርስ አውጥተው ይመጣሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ድርቆሽ መቆርጠም ይጀምራሉ።

ጎጆ ስለማትሠራ የመውለጃዋን ቀን መገመት ያስቸግራል። የተሻለው ምልክት ከፊት ያለው የዳሌ አጥንት መጋጠሚያ መላቀቅ ነው፤ ክፍተቱ አንድ ጣት ያህል ሲሰፋ ምጡ በ2 ቀን ውስጥ ይጠበቃል። ከ7 ወር ዕድሜ በፊት ወልዳ የማታውቅ ከሆነ መጋጠሚያው ይጠነክራል፤ የመጀመሪያ ወሊዷም ለሕይወቷ ያሰጋል።

ነፍሰ ጡሯን ደጋግሞ ማንሳትና ማስደንገጥ አይገባም። ሰውነቷ ቫይታሚን ሲ ስለማይሠራ የማያቃጥል ቃሪያና ቅጠላ ቅጠል ያስፈልጋታል። ወንዱም አስቀድሞ ይለይ፤ በወለደች በሰዓታት ውስጥ ዳግም ልታረግዝ ትችላለች። ከ20 ደቂቃ በላይ አምጣ ግልገል ካልወጣ ሳይዘገዩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።