ከጕድጓድ ውሃ እስከ ሊቃውንት መዝገብ፤ ስለ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ምርምር

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው የተነገረው የወንዙን ጥልቀት ሳያውቅ ቀስ በቀስ ገብቶ ለሚሰጥም ሰው ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ቃል በቃል የሚፈጸምበት ጊዜ አለ። ከአዳማ ተነሥተን በአሰላ መንገድ ደራን ስናልፍ፥ ወይም በሌላው አቅጣጫ ከሞጆ ወደ መቂና ወደ ባቱ ስንወርድ፥ በዚያው ሜዳ ተወልዶ ያደገ ብዙ ሰው ሲስቅ ጥርሱ ቡናማ ቀለም ይዞ፥ አልፎ አልፎም ተቦርቡሮ እናያለን። ምክንያቱን ብንጠይቅ «የውሃው ነው» የሚል አጭር መልስ እናገኛለን። መልሱ እውነት ነው። ዳሩ ግን ውሃው ከጥርስ አልፎ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የአንድ ነርቭ ሐኪም የብዙ ዘመን ድካም አስፈልጓል። እኛም በዚህ ጽሑፍ የዚያን ሐኪም የምርምር ታሪክ፥ ጽሑፎቻቸውም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የተጠቀሱበትን መንገድ በአጭሩ እንመለከታለን። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ተፈጥሮ ጥቂት መናገር ይገባል። ስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራ የሠራው ምድር ስለ ሆነ በዐለቱ ውስጥ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት ይገኛል። የከርሰ ምድሩ ውሃ፥ ይልቁንም ሙቀት ያለው፥ በዐለቱ መካከል ሲመላለስ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። በውሃው ውስጥ ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተጣብቆ ይዘቅጥ ነበር፤ የሸለቆው ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ ሟምቶ ይቀራል። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የፈቀደው ልክ በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥቂቱ ጥርስን ከመበስበስ ይጠብቃል፤ ሲበዛ ግን ገና ከድድ ሥር በመሠራት ላይ ያለውን የሕፃን ጥርስ ያበላሻል፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣም በዐጥንት ላይ ይከማቻል።

ይህ ነገር በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በወንጂ ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ አቋቁሞ በ1954 ሥራ አስጀመረ፤ የሸዋው ፋብሪካ በ1962 ተከተለ። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጣ ሠራተኛ በእርሻው መንደሮች ሰፈረ፤ የሚጠጣውንም ከጕድጓድ ቀዳ። ከወንዝ ይልቅ የጕድጓድ ውሃ ከተባይና ከተስቦ የጠራ ነው የሚለው ትምህርት በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ በዚህ ቦታ ግን ከአንዱ ክፉ የሸሸውን ሰው ለሌላ ክፉ ዳረገው። ከዓመታት በኋላ፥ በጕልማሳነቱ አገዳ ሲቆርጥና ሲሸከም የነበረው ሠራተኛ አንገቱን ማዞር ተሳነው፤ ጀርባው እንደ እንጨት ደረቀ፤ ቀጥሎም እግሩ ከዳው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የነርቭ ሕክምና መምህር ነበሩ። የዐጥንት በሽታ የነርቭ ሐኪም ጉዳይ የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? ቢሉ፥ አከርካሪ የዐጥንት ዐምድ ብቻ ሳይሆን የኅብለ ሰረሰር ማኅደር ስለ ሆነ ነው። ፍሎራይድ ሲከማችበት የአከርካሪው ዐጥንት ይወፍራል፤ በጠርዙ እሾህ መሰል ዐጥንት ያበቅላል፤ ጅማቶቹም ወደ ዐጥንትነት ይለወጣሉ። ያን ጊዜ ነርቮች የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ይጠብባሉ፤ ኅብለ ሰረሰሩም ይጨመቃል። እጅ ይደነዝዛል፤ እግር ይገተራል፤ በመጨረሻም ሰውዬው ሽባ ይሆናል። እንግዲህ በነርቭ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ሽባ፥ በሽታው የጀመረው ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በፊት በእንስራ በተቀዳ ውሃ ነው ማለት ነው።

በ1987 ፕሮፌሰሩ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ስላለው የፍሎራይድ በሽታ ያደረጉትን ጥናት በውጭ አገር የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ጥናቱ 14 መንደሮችን የዳሰሰ ሲሆን፥ የውሃው ፍሎራይድ በ1 ሊትር ከ1.2 እስከ 36 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። በሸለቆው ተወልደው ካደጉት ከተመረመሩት ልጆች ከ80 በመቶ የሚበልጡት ጥርሳቸው ተጎድቶ ነበር። ዐጥንትን የሚያሽመደምደው ከባዱ ሕመም ግን በስኳር እርሻው ሠራተኞች ላይ ጎልቶ ታየ፤ በውሃው ላይ የቆዩበት ዘመን በረዘመ ቍጥር ጉዳቱም እየበዛ ሄደ። በ1990 ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ ኅብለ ሰረሰሩና የነርቭ ሥሮቹ የሚጎዱበትን መንገድ ለብቻው አብራሩ።

የእኚህ ሐኪም የምርምር ዘዴ ለተማሪዎቻችን ልዩ ትምህርት የሚሆን ይመስለናል። በሆስፒታል ተቀምጦ የመጣውን ብቻ የሚቈጥር ሐኪም፥ መምጣት የቻለውን እንጂ የታመመውን ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ ፕሮፌሰር ረዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ የ60,820 ሰዎችን ኑሮ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚመረምሩ ሠራተኞች አሰማሩ። በ1990 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከነርቭ በሽታዎች ሁሉ የበዛው የሚጥል በሽታ ሲሆን፥ ከ100,000 ሰው 520 ሰው ይዞት ተገኘ፤ ቀጥሎም የልጅነት ልምሻ ያስከተለው ሽባነት በ240 ይከተል ነበር።

ከዚህ ቍጥር ይልቅ ልብ የሚነካው ሌላው ቍጥር ነው። በዚያ ጥናት የሚጥል በሽታ ካለባቸው 316 ሰዎች ውስጥ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። የቀሩት ወይ ጠበል ተወስደዋል፥ ወይ የባሕል መድኃኒት ቀምሰዋል፥ ወይም በቤት ተደብቀው ቀርተዋል። ብዙ ሰው በሽታው በሚጥልበት ሰዓት በመንካት ይተላለፋል ብሎ ያምን ስለ ነበረ፥ በምድጃ እሳት ላይ የወደቀውን ሕመምተኛ እንኳ ለማንሣት እጁን የሚዘረጋ አልተገኘም፤ በዚህም ምክንያት የእሳት ጠባሳ የበሽታው ምልክት እስከ መሆን ደረሰ። ፕሮፌሰሩ ይህን የሕዝብ አስተሳሰብ ራሱን የጥናት ርእስ አድርገው በ1991 አቅርበዋል። ቈጥረው ብቻም አልተመለሱም፤ በቡታጅራ ለዓይን ሕሙማንና ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት የሚሰጠው የግራርቤት ተሐድሶ ማኅበር የተቋቋመው በእሳቸው አነሣሽነት ነው።

በዚያው በ1990 በደምቢያና በፎገራ ስለ ጓያ ያደረጉት ጥናት ታተመ። ጓያ ዝናብ ሲያጥር ሌላው እህል ሲጠፋ የሚበቅል፥ ድኻን ከረኃብ የሚያድን ጥራጥሬ ነው፤ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ይሰብራል። የተሰበረው እግር ወደ ቀድሞው አይመለስም። ወንጂና ፎገራ ቢራራቁም ነገሩ አንድ ነው፤ በሁለቱም ቦታ ሰውን ሽባ ያደረገው ለሕይወቱ ብሎ የበላውና የጠጣው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጕዳያችን እንለፍ። የአንድ ሊቅ ሥራ ምን ያህል ተሰማ? ለሚለው ጥያቄ ዘመናዊው ዓለም መስፈርያ አበጅቷል፤ ይኸውም ጽሑፉ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ ተጠቀሰ የሚለው ነው። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 የሳይንስ ጥቅሶችን መዝገብ ማሳተም ጀመሩ። ጆርጅ ሂርሽ የተባሉት የፊዚክስ ሊቅ ደግሞ በ2005 የአንድን ተመራማሪ ሥራ በአንድ ቍጥር የሚያጠቃልል ስሌት አቀረቡ፤ 20 ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው ቍጥሩ 20 ይሆናል ማለት ነው።

መስፈርያው ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጉድለት አለው። በዓለም ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሰው የሳይንስ ጽሑፍ ሎሪና ባልደረቦቹ በ1951 ፕሮቲን ስለሚለካበት ዘዴ ያወጡት ሲሆን፥ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ይህም የሆነው ዘዴው በየቤተ ሙከራው የሚያስፈልግ ስለ ሆነ ነው። የወንጂን አገዳ ቈራጭ አንገት የሚመረምር ጽሑፍ ግን ጠቃሹ ፍሎራይድ ያለበት አገር ሊቅ ብቻ ነው፤ የሚጠቅመውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጽሔት አያሳትምም።

ሌላው ጉድለት የስም ነው። የአውሮፓ መዝገብ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ የራሳችንና የአባታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ የ1987ቱ ጽሑፍ በብዙ መዝገብ «ሃይማኖት» በሚል ስም ሲገኝ፥ ሌሎቹ «ተክለ ሃይማኖት» በሚል ስም ይገኛሉ። የአባታቸው ስም ለሁለት ተከፍሎ አንድ ሰው ሁለት ሊቅ መስሎ ተጻፈ። ይህን የማያውቅ ቈጣሪ የእኚህን ሊቅ ድካም በግማሽ ይቀንሰዋል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ መዝገብ ሲያዛባው ግን የሚያቃናው ሰው ነው። ተማሪዎቻችን የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ከማሳተማቸው በፊት ስማቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ ለመጻፍ ይወስኑ ዘንድ እንመክራለን።

ይህም ሁሉ ሆኖ ሥራቸው ተሰምቷል። ሊቃውንት በድኻ አገሮች መድኃኒት ያላገኙትን የሚጥል በሽታ ሕሙማን ብዛት ሲያሰሉ፥ የቡታጅራው ቍጥር ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ፍሎራይድ የሚጽፍ ሰውም የ1987ቱን ጥናት ሳይጠራ ማለፍ ይቸግረዋል። እሳቸውም በዚያ አልተወሰኑም፤ በ1999 ከጂኦግራፊው ሊቅ ከሄልሙት ክሎስ ጋር፥ በ2006 ደግሞ ከብዙ ባልደረቦች ጋር ሆነው የአገሪቱን ውሃ ፍሎራይድ የሚያሳይ ሰፊ ጥናት አወጡ። ከ1,400 በላይ የውሃ ናሙና ተለክቶ ሩብ ያህሉ ከተፈቀደው ልክ አልፎ ተገኘ፤ የበዛውም በስምጥ ሸለቆው ነበር።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። የተጎዳ ጥርስና የደረቀ አከርካሪ ወደ ነበረበት ስለማይመለስ፥ ሕክምናው መከላከል ብቻ ነው። ከደጋ የሚወርደውን ወንዝና ምንጭ አጣርቶ በቧንቧ ማውረድ፥ ይህ ባይቻል ውሃውን በተቃጠለ የከብት ዐጥንት ከሰል ወይም በአሉምና በኖራ ማጣራት፥ አዲስ ጕድጓድ ሲቈፈርም ፓምፕ ከመተከሉ በፊት ውሃውን ማስለካት ነው። ልኬቱ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያልተለካው ጕድጓድ የሚያስከፍለው ግን የአንድ ትውልድ ጥርስና የብዙ ሰው እግር ነው።

እንግዲህ የጽሑፍ ጥቅስ የሚቈጠረው በመጽሔት ገጽ ላይ ነው፤ የዚህ ጥናት ሌላው ቍጥር ግን በስምጥ ሸለቆ መንደሮች ይገኛል። የውሃ ሥራ ሹም ጕድጓድ ከማስመረቁ በፊት የፍሎራይዱን ልክ ቢጠይቅ፥ መምህሩ በክፍሉ ያሉትን ልጆች ጥርስ አይቶ የሚጠጡትን ውሃ ቢመረምር፥ ተማሪውም ከቤት ወደ ቤት ዞሮ መቍጠርን ከክብር ቢቈጥረው፥ ፕሮፌሰር ረዳ በትክክል ተጠቀሱ እንላለን። በደራ ወይም በወንጂ ዛሬ የሚወለደው ሕፃን ጥርስ የሚያበቅለው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው፤ ጊዜውን የምንቈጥረውም ከዚያ ጀምሮ ነው።