ከወፍጮ የወጣ የፊዚክስ ቃል

ጀርመኖች ያልላመ፣ ተሰባብሮ ብቻ የቀረ እህል «ሽሮት» ይሉታል፤ እኛ ለቅንጬ የምናዘጋጀው ዓይነት ነው። ቃሉ የመቁረጥና የመሰነጣጠቅ ትርጉም ካለው ጥንታዊ የጀርመን ሥር የወጣ ሲሆን፣ የእንግሊዝኛው «ሽሬድ»ም ከዚያው ይመዘዛል። ከእህል አልፎም ለአደን የሚተኮሰው ጥቃቅን የእርሳስ ድቡልቡል ሽሮት ተብሏል።

ይህን የወፍጮ ቤት ቃል ፊዚክስ ውስጥ ያስገባው ዋልተር ሾትኪ ነው። በ1886 (እ.ኤ.አ.) ዙሪክ ተወለደ፤ በርሊን ማክስ ፕላንክ ዘንድ ዶክትሬቱን ሠራ። ሮስቶክ ውስጥ ፕሮፌሰር የሆነበት ጊዜ ቢኖርም፣ አብዛኛው የሥራ ዘመኑ ያለፈው በሲመንስ ኩባንያ ነው። በ1918 ማጉያ ቱቦዎች ውስጥ የማይጠፋ ጩኸት ከየት እንደሚመጣ አስረዳ። ኤሌክትሪክ አንድ ወጥ ሆኖ አይፈስም፤ ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ፣ ባልተስተካከለ ጊዜ ይደርሳሉ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ እህል ያንኳኳሉ። ክስተቱን «ሽሮትኤፌክት» አለው። የጩኸቱን መጠን የለካ ሰው የአንዲቷን ኤሌክትሮን ቻርጅ ማስላት ይችላል፤ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። እንግሊዝኛው «ሾት ኖይዝ» ሲል እርሳሱን ወሰደ፣ እህሉን ተወ። «ሾት» የሾትኪ ስም ቁራጭ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም።

ከሾትኪ ሥራ ጋር የሚያያዘው ሁለተኛው ቃል «ሃልብላይተር»፣ ሴሚኮንዳክተር የምንለው ነው። «ሃልብ» ግማሽ፣ «ላይተር» ደግሞ መሪ፣ እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊም በዚሁ ቃል ይጠራል። በዛሬው ትርጉሙ በ1910 እና በ1911 የተጠቀሙበት የፍራይቡርጎቹ ዮሃን ኮኒግስበርገርና ዮሴፍ ቫይስ ናቸው። «ግማሽ» መባሉ ግን ቁሱን ይበድለዋል። ብረት ሲሞቅ ማስተላለፉ ይቀንሳል፤ ንጹሕ ሴሚኮንዳክተር ሲሞቅ ይጨምራል፤ ኢምንት ባዕድ ነገር ሲገባበትም ጠባዩ ይለወጣል። ይህ ግማሽነት ሳይሆን የራሱ ዓይነት ነው።

ሾትኪ በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ይህን ቃል ከ«ሽፔርሽሽት» ጋር አጣመረው፦ የመቀርቀሪያው ንጣፍ የሴሚኮንዳክተር ንድፈ ሐሳብ። «ሽፔረን» መዝጋት ነው፤ ሥሩ የጣሪያ ወራጅ ከሚባልበት «ሽፓረን» ጋር ይዛመዳል፤ በግንድ መቀርቀር ማለት ነበር። ብረትና ሴሚኮንዳክተር ሲነካኩ፣ ከሴሚኮንዳክተሩ ጠርዝ ኤሌክትሮኖች ወደ ብረቱ ያልፋሉ፤ የተራቆተው ስስ ንጣፍ ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ያሳልፋል፣ በሌላው ይዘጋል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943፣ ሾትኪ ከበርሊን ወጥቶ ባቫሪያ ውስጥ ፕሬትስፌልድ ሰፈረ፤ በ1976 ያረፈውም እዚያው ነው። እንግሊዝኛው ንጣፉን «ሾትኪ ባሪየር» ሲለው፣ መቀርቀሪያው በሰውየው ስም ተጠራ። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ሳጥን የከፈተ ቴክኒሻን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በዚሁ ንጣፍ የሚሠራ ሾትኪ ዳዮድ ነው፤ የሰሌዳው አንድ ክፍል ጥላ ሲያርፍበት ኤሌክትሪኩ በዳዮዱ በኩል ዞሮ ያልፋል።