ሾላኪ ጋዝ፦ ቱርቦ በሌላው ጥፋት ሲከሰስ

ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሚኒባስ ዘይት መጨረስ ይጀምራል። መካኒኩ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደውን ቱቦ ፈትቶ ጣቱን ያስገባል፤ ጣቱ በዘይት ርሶ ይወጣል። «ቱርቦው አልቋል» ይባላል። ባለቤቱ ለወራት ያጠራቀመውን አውጥቶ፣ የጎደለውን ተበድሮ ቱርቦ ያስቀይራል። ሳምንታት ሳይቆይ ያው ቱቦ፣ ያው ዘይት። እኔን የሚያንገበግበኝ አውጥተው የጣሉት ቱርቦ ምንም ያልነበረው ሊሆን መቻሉ ነው። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ የሰውን ገንዘብ የሚያስጥለው አንዱ ምክንያትም ለጥፋቱ የረጋ የአማርኛ ስም አለመኖሩ ይመስለኛል። ስም የሌለውን ነገር ማን ይፈልገዋል? እንግሊዝኛው «ብሎው-ባይ» ይለዋል። እኔ «ሾላኪ ጋዝ» ብዬዋለሁ።

ናፍጣው ወይም ቤንዚኑ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጉት ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኑ አናት አጠገብ የሚታሰሩት የብረት ቀለበቶች ናቸው። ፋሻ ግን ዙሪያው የገጠመ ቀለበት አይደለም። በሙቀት ሲለጠጥ እንዳይጣበቅ ጫፎቹ መካከል ጥቂት ክፍተት ይተውለታል። ስለዚህ አዲስ ሞተር ውስጥም ቢሆን ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሽ ትንሹ ፋሻዎቹን አልፎ፣ ከፒስተኖቹ በታች ወዳለው የሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ሾላኪ ጋዝ ማለት ይህ ነው። ሆዱ ውስጥ የሚረጨውን የዘይት ጉም ይዞ ሲወጣ ደግሞ «ዘይት አዘል ሾላኪ ጋዝ» ልንለው እንችላለን። ቱርቦ ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ አየር ስለሚያጭቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ የሚሾልከውም ይበዛል።

ሌሎች ቃላትንም ሞክሬ ነበር። «አፈትላኪ ጋዝ» ለጆሮ ያምራል፤ ነገር ግን ያፈተለከ ነገር ከያዘው እጅ ወጥቶ ሄዷል፤ ይህኛው ጋዝ ግን ገና ከሞተሩ አልወጣም፤ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ነው ያለፈው። «ዘይት መትፋት» የሚለው ደግሞ የሚያሳየው ውጤቱን ነው፤ መካኒኩም ከዘይቱ ተነስቶ ወደ ምንጩ እንዳይሄድ ያስቀረዋል። የሾለከ ግን በጠባብ ቀዳዳ፣ ሳይታይ ያለፈ ነው፤ በአጥር ሾልኮ የገባ ሌባ እንደምንለው። ከሥራው ጋር የሚገጥም ሆኖ ያገኘሁት ስም ይህ ነው።

ሆድ ውስጥ የገባ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል። ድሮ ከሞተሩ ሥር ወደ አስፋልቱ በሚወርድ ቱቦ እንዲሁ ይለቀቅ ነበር። በከተማ ጭጋግ በተማረረችው ካሊፎርኒያ ግን ከእ.ኤ.አ. 1961 ሞዴል ጀምሮ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ላይ ጋዙ ተመልሶ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ እንዲሄድና እንዲቃጠል ተደረገ፤ አሠራሩም ቀስ በቀስ በመላው ዓለም ተለመደ። ባለ ቱርቦ ሞተር ላይ ጋዙን ከሆዱ የሚያወጣው የመተንፈሻ ቱቦ ብዙውን ጊዜ የሚገናኘው አየሩ ቱርቦው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ካለው መስመር ጋር ነው። ስለዚህ የአየር ቱቦው ውስጥ ስስ የዘይት ወዝ መገኘቱ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም። የመካኒኩ ጣት ያገኘው ወዝ ነው ወይስ የተጠራቀመ ዘይት? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው።

የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ዘይቱ ሲገባ በፓምፕ ተገፍቶ ነው፤ ሲወጣ ግን ገፊ የለውም፤ በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ሆዱ በሾላኪ ጋዝ ከተነፋ የሚወርደው ዘይት ይታገዳል። መውረድ ያልቻለው ዘይት በዘንጉ ጫፎች በኩል ያመልጣል፤ በአንዱ ጫፍ ወደ አየር ቱቦው፣ በሌላው ወደ ጭስ ማውጫው። ሰማያዊ ጭስ ይታያል። አዲስ ቱርቦ ቢገጠምም የተነፋው ሆድ ስላልተነካ ያው ይደገማል። ዘይቱ ወደ ሆዱ የሚመለስበት ቱቦ ራሱ ከተጣመመ ወይም በተቃጠለ ዘይት ከተደፈነም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ሆዱን የሚነፋው ምንድን ነው? ያለቀ ፋሻ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው፤ በተለይ የአየር ማጣሪያው በደንብ ሳይገጠም የኮረኮንች አቧራ ሲስብ የከረመ ሞተር ላይ። ነገር ግን መተንፈሻው በጥቀርሻ ተደፍኖ የተለመደው ጋዝ መውጫ ሊያጣም ይችላል። የቤንዚን ባለ ቱርቦ ላይ አየር ከአየር ማከፋፈያው ወደ ሆዱ እንዳይመለስ የሚከለክለው አንድ ትንሽ ቫልቭ አልዘጋ ብሎ፣ ቱርቦው የጨመቀውን አየር ራሱን ወደ ሆድ ሊለቀው ይችላል። ፍሬን የሚያግዘው የናፍጣ መኪና የቫኩም ፓምፕም አለ። ብዙ ሞዴሎች ላይ ይህ ፓምፕ የሚስበውን አየር የሚያስወጣው ወደ ሞተሩ ሆድ ነው፤ የፍሬኑ መስመር አየር ከሳበ ሆዱ ሳያቋርጥ ይነፋል። የአየር ፍሬን ያላቸው የጭነት መኪኖች ላይ ደግሞ የኮምፕሬሰሩ ፋሻ ሲያልቅ እንዲሁ ይሆናል። ሞተር ከማውረድ በፊት የቫኩሙን ቱቦ ነቅሎ የፓምፑን አፍ መዝጋትና ከሆዱ የሚወጣው ትንፋሽ ቀነሰ ወይ ብሎ ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ መኪናው ግን ቆሞ መሆን አለበት፤ ፍሬኑ ያኔ አጋዥ የለውም።

ብዙ ሰው የሚያውቀው ፈተና የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው፤ ከተወረወረ ሞተሩ ተፈርዶበታል። ይህን ፍርድ አላምነውም። በውስጡ የሚሽከረከሩት ክፍሎች አየሩን ስለሚመቱ ጤነኛ ሞተርም በዚያ ቀዳዳ እፍ እፍ ይላል። የተሻለው ከክዳኑ ብዙም የማይወደድ ነው፦ እንደ U ፊደል ታጥፎ ግማሹ ድረስ ውሃ የተሞላ ግልጽ ላስቲክ ቱቦ። አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ አጥብቆ መግጠም፣ ሌላውን ክፍት መተው፣ ከዚያ ሞተሩ እየሠራ በሁለቱ ወገን ያለውን የውሃ ከፍታ ልዩነት በማስመሪያ መለካት ነው። የሆድ ግፊት በውሃ ሴንቲሜትር የሚለካ ትንሽ ነገር ነው፤ ቱርቦ የሚሰጠው አንድ ባር ግን ከ10 ሜትር ውሃ ጋር ይስተካከላል። የሚፈቀደው ልክ እንደ ሞተሩ ይለያያልና ከሞተሩ መጽሐፍ ይታያል።

ምንጩን የሚናገረው ደግሞ የአየር ፈተናው ነው። ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ቫልቮቹ ተዘግተው ሳለ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር ይለቀቅና ጆሮ ይሰጣል። ድምፁ በዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻ ነው፤ በጭስ ማውጫው ከሆነ የጭስ ቫልቭ፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ የቴስታታው ጋስኬት። ጆሮና አየር ብቻ ናቸው የሚፈለጉት፤ ይህ ፈተና በየጋራዡ ቢለመድ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም።

ዘይቱ በብዛት ወደ አየር ቱቦው እየገባ ያለ የናፍጣ መኪና ግን ለነገ አይባልም። ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ቁልፉ ተዘግቶም እየጮኸ ዙሩን ሊጨምር ይችላል። ማንዋል ከሆነ ትልቅ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ፍሪሲዮን በመልቀቅ ያጠፉታል። እጅ ወደ አየር ማስገቢያው አይሰደድም።

ፋሻ አልቋል ለማለት ብዙዎች የሚይዙትን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት የሚያነበውን የኮምፕረሽን መለኪያ በተመለከተ አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ የግድ የምለው አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። መጽሐፉ 30 ባር የሚለው ለባሕር ዳርቻ ነው፤ ያው ጤነኛ ሞተር እዚህ 23 አካባቢ ያነባል። ይህን ሳያሰላ «ሰባት ባር ጎድሏል፣ ፋሻ ይቀየር» የሚል ሰው ደህና ሞተር ያስከፍታል። ከቁጥሩ ይልቅ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አስተያዩ፤ ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩን ለመክፈት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ መተንፈሻውን ፈታችሁ እጠቡ።