የበረሃ ጭነት መኪና ጎማ፦ በአሸዋና በአስፋልት መካከል

ደማም፦ ከደማም ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የኪንግ ፋህድ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ1999 አገልግሎት የጀመረ ሲሆን፣ 776 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆነው ይዞታው በዓለም እጅግ ሰፊው አየር ማረፊያ ነው። ከአየር ማረፊያው ወደ ደማምና ኮበር የሚወስዱት ጎዳናዎች አስፋልት ቢሆኑም፣ ከጎዳናው ጥቂት ወጣ ያለ የጭነት መኪና አሸዋ ይጠብቀዋል። በመሆኑም በዚህ አካባቢ የሚያገለግል ጎማ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች አሉበት፤ በአሸዋ ላይ ሳይሰምጥ መሄድና በጋለ አስፋልት ላይ ጭነት ተሸክሞ መፍጠን። የጎማው ዕድሜ በእጅጉ የሚወሰነው አሽከርካሪው በሁለቱ መካከል የአየር ግፊቱን በሚያስተካክልበት ጥንቃቄ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የነዳጅ ፍለጋ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1933 ከተፈረመ በኋላ በጁበይልና በደማም ዙሪያ የተሰማሩት ባለሙያዎች አሸዋውን የተሻገሩት ሰፋፊና ዝቅተኛ ግፊት ያላቸው ጎማዎችን በመጠቀም ነበር።

የአሠራሩ ምክንያት ቀላል ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ጎማው ረገብ ይላል፤ መሬት የሚነካው ገጽም ይረዝማል። ክብደቱ በሰፊ ቦታ ስለሚከፋፈል መኪናው አይሰምጥም። ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ለጭቃና ለድንጋያማ መሬት ቢጠቅምም፣ በደረቅ አሸዋ ላይ ሲሽከረከር ጉድጓድ ይቆፍራል። በባሕሩ ዳርቻ የሚገኘው ሰብኻ የተባለው ጨዋማ መሬት ግን የተለየ ነው፤ ደረቅ ቅርፊቱ ከሥሩ ያለውን ረግረግ ስለሚሸፍን፣ ለከባድ መኪና የትኛውም ጎማ ዋስትና አይሆነውም።

አደጋው የሚብሰው ከአሸዋ ሲወጣ ነው። አየሩ የተቀነሰለት ጎማ ሳይሞላ በፍጥነት ከተነዳ፣ ጎኑ በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፤ መታጠፉም ከውስጥ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጥ ሽቦዎቹ ያላቅቀዋል። ጉዳቱ ከውጭ ላይታይ ይችላል፤ ጎማው የሚፈነዳውም በዚያው ቀን ሳይሆን ከቀናት በኋላ፣ በሌላ ጭነትና ምናልባትም በሌላ አሽከርካሪ እጅ ሊሆን ይችላል። የፊት ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ መሪውን መቆጣጠር እጅግ ያስቸግራል።

ግፊት የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓታት ከቆመ በኋላ ነው። የጎማው ሙቀት ከ30 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር፣ ግፊቱ በአንድ አሥረኛ ያህል ከፍ ይላል። ይህ የተለመደ ስለሆነ ከጋለ ጎማ አየር ማስተንፈስ አይገባም፤ ሲቀዘቅዝ ከሚፈለገው በታች ይሆናልና። በጣምራ ጎማዎችም የውስጠኛውን መለካት ግድ ነው፤ እርሱ ከተነፈሰ የውጪው የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይሸከማል።

የጎማው ጎን ዕድሜውንና አቅሙን ይናገራል። የምርት ጊዜውን ከሚገልጹት አራት አኃዞች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2324 ማለት የ2024 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ መጠባበቂያ ጎማም ቢሆን በፀሐይና በዕድሜ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም።

ስለዚህ ወደ አሸዋ የሚገባ አሽከርካሪ የግፊት መለኪያና ኮምፕረሰር መያዝ፣ አስፋልት ላይ እንደወጣም ቆሞ አየሩን መሙላት ይኖርበታል። ኮምፕረሰር ከሌለው ፍጥነቱን በእጅጉ ቀንሶ በቅርብ ወዳለው ጎሚስታ ይሂድ። ጭነቱ ቢዘገይ ይደርሳል፤ በፈነዳ ጎማ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።