በአንድ ዓይንና በሁለት ዓይን፦ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤታችንና መንግሥታቱ

ስለ ያለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የፖለቲካ ታሪካችን ሲጻፍ ስለ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፣ ስለ ሠራዊቱ፣ ስለ መሬት ላራሹ ሰልፍ ብዙ ተብሏል። የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ግን በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ቢነሣ እንኳ በግርጌ ነው። «ሥዕል ከፖለቲካ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔ ደግሞ የምጠይቀው በተቃራኒው ነው፤ ሦስት መንግሥታት ያሳለፈ፣ ሦስቱም እጁን ለመያዝ የሞከሩት ተቋም ከፖለቲካ ውጭ ሊሆን እንዴት ይችላል? (ዓመታቱን በእኛ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ በአውሮፓውያን ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።)

ነገሩን ከትምህርት ቤቱ በፊት ልጀምር። በአገራችን ሥዕል የሚማር ሰው ለዘመናት የተማረው ከመምህሩ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። ቀለም ይበጠብጣል፣ ጨርቅ ይወጥራል፣ የመምህሩን ንድፍ ይገለብጣል፤ ሥዕሉ አልቆ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍም ስሙን አይጽፍበትም ወይም እምብዛም አይጽፍበትም። በዚህ ትምህርት ውስጥ ማንም ልብ የሚለው አንድ ሕግ አለ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካች ይመለከታል፤ ሰይጣን፣ ከሐዲና ጠላት ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ ይተውለታል። ይህ ሕግ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የዐድዋን ጦርነት ወደሚያሳዩት ሥዕሎች ገብቷል። የምኒልክ ሠራዊት ፊቱን ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የጣሊያን ወታደር በጎን። ሥዕሉን የሚያይ ገበሬ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደሆነ በአንድ እይታ ያውቃል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እኔ አልቆጥረውም። ፍርድን በቅርጽ የሚናገር የጠራ ቋንቋ ነው። ይሁንና በዚህ ቋንቋ ጠላትን በሁለት ዓይን ማየት አይቻልም።

ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት አለ ፈለገሰላም የወጡት ከዚሁ ባህል ነው፤ ቤተሰባቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የተላኩት ግን ሥዕል እንዲማሩ አልነበረም፤ መሐንዲስ ሆነው እንዲመለሱ ነበር። እርሳቸው መንገዳቸውን ቀይረው በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ገቡ። የሚገርመው ታሪኩ የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑ ነው። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ ነበር፤ የተመለሱት ከለንደኑ ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጀመሩትን የግብርና ትምህርት አቋርጠው ወደ ሥዕል የዞሩ ናቸው። ከጣሊያን ወረራ የወጣች አገር መሐንዲስና የእርሻ ባለሙያ መፈለጓ አይነቀፍም። ግን የዘመናዊ ሥዕላችን ሦስት ዋልታዎች ሦስቱም ከታዘዙበት ሙያ የሸሹ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዛሬም ልጄ አርክቴክት ወይም ሐኪም ካልሆነ የሚል ወላጅ «ሥዕል ምን እንጀራ ይሆናል?» ሲል መጠየቁ የኖረ ጥያቄ ነው።

ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ ተከፈተ። ግልጽ እንነጋገር፤ ቤተ መንግሥቱ ከዚህ ቤት የሚጠብቀው ነበረው። አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ይሠሩ ነበር፣ የመንግሥት ሕንጻዎች ይነሡ ነበር፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና ለመሆን ትሰናዳ ነበር፤ ይህ ሁሉ ግድግዳ ሥዕል ይፈልጋል፣ ይህ ሁሉ አደባባይ ሐውልት ይፈልጋል። ሆኖም አቶ አለ ከቺካጎ ይዘውት የመጡት ትምህርት በባሕርዩ ለማንም ጌታ የማይመች ነገር በውስጡ ነበረው። ተማሪው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው እያየ ይነድፋል። ሰውየው በጎን ከተቀመጠ በጎን፣ ፊት ለፊት ከተቀመጠ ፊት ለፊት። የዓይኑ ቁጥር የሚወሰነው በጽድቁ ሳይሆን ተማሪው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን ለዘመናት ፍርዱ ከሥዕሉ ቀድሞ በሚሰጥበት አገር፣ «መጀመሪያ እይ» ብሎ ማስተማር ትንሽ አብዮት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የትምህርት ቤቱ የተስፋ ዓመታት ናቸው። ጀርመናዊው የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ ሐንሰን ባሂያ በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ መጥተው የኅትመት ጥበብን አስተማሩ። ገብረ ክርስቶስ ከኮሎኝ ተመልሰው ረቂቅ ሥዕሎቻቸውን ለአዲስ አበባ ሕዝብ ሲያሳዩ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ሥዕል ነው ያለ አለ፤ የፈረንጅ ቅጂ ነው ያለም አለ። ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ስለነበሩ ክርክሩን በቃልም በቀለምም መመለስ ይችሉ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲያገኙ መንግሥትም የማይገባውን ነገር መሸለም እንደሚችል ታየ፤ ይህን በምጸት አልልም፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ያላየነው ቸርነት ነው። እስክንድር ቦጎስያን ደግሞ ከለንደንና ከፓሪስ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 አስተማሩ። ሦስት ዓመት ብቻ። ነገር ግን የክታቡን ምልክት፣ የብራናውን ድርድር ከአውሮፓ ረቂቅ ሥዕል ጋር ማጋባት እንደሚቻል ያዩ ወጣቶች ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው አልተመለሱም። ዘሪሁን የትምጌታ ከዚያ ዘመን የወጡ ናቸው፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም ትንሽ ቆይተው ተመርቀው የግዕዝን ፊደል ራሱን የሸራ ጉዳይ አደረጉት።

አሁን ወደምወደው፣ ደግሞም ወደሚከብደኝ ዓመት ደረስኩ። 1966 ዓ.ም.። ወሎ በረሃብ አልቋል፤ መንግሥት ደብቋል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው ከተማ ውስጥ አሳይተዋል። በዚህ ዓመት እሸቱ ጥሩነህ የተባለ ተማሪ ለመመረቂያው ትልቅ ሸራ ወጠረ፤ ረሃብ ከቀዬው የነቀለውን ሕዝብ ሣለበት። ዛሬ በብሔራዊ ሙዚየም የሚገኘው የረሃብ ሰለባዎች ሥዕል ይህ ነው። ሥዕሉን ቆሜ ባየሁ ቁጥር የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ጥፋተኛውን። በጎን የተሣለ፣ አንድ ዓይን ያለው ሰው የለም። ሚኒስትሩ የለም፣ የመሬቱ ጌታ የለም፣ ንጉሡ የለም። ያሉት የተራቡት ብቻ ናቸው፣ እነርሱም ይሄዳሉ። ያ ተማሪ ክስ አልጻፈም፤ ያየውን አሳየ። በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ቤት፣ በመንግሥት ሸራና ቀለም፣ መንግሥት የለም ያለውን ነገር ለፈተና አቀረበ። ወራት ቆይቶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የረሃቡን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አቀላቅሎ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ፊልሙም ሥዕሉም ስለ አንድ ረሃብ ናቸው። ፊልሙ ግን በዚያ ምሽት በአንድ ዓይን የተሣለ ጠላት ተጨመረበት። የሁለቱ ልዩነት ቀጥሎ ለመጣው ዘመን ሁሉ ቁልፍ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ደርግ ለሥዕል ደንታ አልነበረውም ማለት ውሸት ነው። እንዲያውም ከእርሱ የበለጠ ሥዕል የወደደ መንግሥት አልነበረንም። አብዮት አደባባይ ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በየሕንጻው ቁመት ተሰቀሉ፤ ፋብሪካውና ቀበሌው ሁሉ ፖስተር ፈለገ፤ ጡንቻማ ላብ አደር፣ የተጨበጠ እጅ፣ በአንድ ጥግ ደግሞ የሚሸሽ አድኃሪ። ያ የድሮው ሕግ በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊ ያመነበትን መሣሉ ነው።

መስከረም 1977 ዓ.ም. የሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረትና የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር ከተማዋ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እርዳታ አጌጠች፤ የትግላችን ሐውልት ተመረቀ፤ የአገራችን ሠዓልያንም በሥራው ነበሩበት። በዚያው ወራት ወሎና ትግራይ እንደገና በረሃብ ያልቁ ነበር። ከ1966ቱ ረሃብ ሥዕል ተገኝቷል። በ1977ቱ የበዓል አደባባይ ላይ ግን የተራበ ሰው ለሚሣል ሸራ ቦታ አልነበረም። ሠዓልያኑን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው፤ ጥይት በሚጮህበት ከተማ የሚኖር ባለሙያ ደመወዙንም ነፍሱንም ማሰብ አለበት።

የዘመኑን ሌላ ገጽታ ማለፍ ግን ግፍ ይሆናል። ወደ ሌኒንግራድና ወደ ሞስኮ የተላኩት ወጣቶች በሪፒንና በሱሪኮቭ ተቋማት ዓመታት ተቀምጠው አጥንትና ጡንቻን፣ ብርሃንና ጥላን፣ የብዙ ሰው ድርድርን በጥብቅ ሥርዓት ተምረው ተመለሱ። እሸቱ ጥሩነህ ራሳቸው ሞስኮ ተምረዋል፤ ታደሰ መስፍንም ከሌኒንግራድ ተመልሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል። ርዕዮተ ዓለሙ የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወርድ አብሮ ወረደ፤ የንድፍ ትምህርቱ ግን ቀረ። ዛሬ የትምህርት ቤቱ ምሩቅ የትም አገር ሄዶ እጁ የሚመሰገነው በዚህ የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሄዱትስ? ገብረ ክርስቶስ አገር ጥለው ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ኦክላሆማ ዐረፉ። ከጀርመን የተመለሱት ሥዕሎቻቸው በስማቸው በተሰየመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም የገቡት በ2000 ዓ.ም. ነው፤ ሠዓሊው ሳይሆን ሸራው ወደ አገሩ ገባ። ከበደች ተክለአብ የዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለች ከደርግ ሸሽታ ስትወጣ በሶማሊያ እጅ ወድቃ ዐሥር ዓመት ያህል በእስር ቆየች። ከዚያ ወጥታ ዋሽንግተን በሚገኘው ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማረች፤ እስክንድርም እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በዚያው ያስተምሩ ነበር። ሁለቱ አብረው የሠሩት «ኔክሰስ» የተባለው የአሉሚኒየም ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ቆመ። መንግሥት ያሳደደውን ሰው መንግሥት ግድግዳውን አስጌጥልኝ ሲለው ምን ይባላል? እኔ ቃል የለኝም፤ ሥራው ግን ግሩም ነው።

ከ1983 በኋላ ትእዛዙ ረገበ፤ ደመወዙም አብሮ። ትምህርት ቤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃለለ፤ በኋላም በመሥራቹ ስም «አለ የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት» ተባለ። አቶ አለ ይህን አይተው በ2008 ዓ.ም. ማረፋቸው ደስ ይለኛል። በስሙ ውስጥ «ዲዛይን» መግባቱ ግን የዘመኑን ጌታ ይነግረናል። አሁን የሚያዝዘው ገበያው ነው። የቢራ ማስታወቂያ፣ የባንክ ዓርማ፣ የሪል ስቴት ቢልቦርድ። ዲዛይንን የምንቅ አይደለሁም፤ ለሰው የሚመች ወንበርና በወጉ የሚነበብ የመንገድ ምልክት መሥራት ከብዙ ሥዕል ይበልጣል። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። የራሱ ፊደልና የብራና ጽሕፈት ባህል ያለው ሕዝብ ከተማ ውስጥ ብትዞሩ፣ የላቲኑ ጽሑፍ ተስተካክሎ አማርኛው ከሥሩ ተጨናንቆ፣ እግሩ ተቆርጦ፣ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የጸሐፊው ትምህርት ከሠዓሊው ትምህርት ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የነበረበት አገር ይህን ለኮምፒዩተር ሻጭ መተዉ ያሳፍራል።

የድሮው ሕግም አልሞተም። በዘመናችን የሚሠሩትን ሐውልቶችና የአደባባይ ሥዕሎች አንድ በአንድ ብናይ፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰማዕት በሁለት ዓይን፣ የሌላውን በአንድ ዓይን አቁሞ እናገኛለን። የአንዱ ከተማ ጀግና በሌላው ከተማ ገዳይ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሐውልቶች ላይ የሚሠሩት እጆች የሰለጠኑት የት ነው?

ይሁን እንጂ ታደሰ መስፍን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሲሥሏቸው የኖሩት የገበያ ሴቶችን ነው፤ ጥቂት ሽንኩርት፣ ጥቂት ድንች ከፊታቸው ዘርግተው የቆሙትን፣ እንደ ዓምድ ረጅም አድርገው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ከዚሁ ትምህርት ቤት ተመርቆ ጀርመን ሽቱትጋርት ተማረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን አዳራሽ ስትከፍት ሥራው የቀረበው የእርሱ ነበር። በሸራዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች በጠባብ ክፍል የታጨቁ፣ እግርና ክንዳቸው የተጠላለፈ ናቸው። አንዳንዱ በጎን ተቀምጧል፣ አንዳንዱ ፊት ለፊት ያየናል፤ ከመካከላቸው የትኛው ጻድቅ የትኛው ኃጥእ እንደሆነ ሠዓሊው አልነገረንም።