ቸል ማለት

«ቸል አለ» የሚለው ግስ ከ«ዝም አለ» እና ከ«ቀስ አለ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሦስቱም በ«አለ» ይቆማሉ። መርሳት ግን ሌላ ነው። የረሳ ሰው ነገሩ ከልቡ ወጥቶበታል። ቸል ያለ ሰው እያየ አልፏል፣ ወይም ማየት ሲገባው አላየም።

ሕጋችንም ይህን «ወይም» ይዞታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 59 ቸልተኝነትን በሁለት መንገድ ይተረጉመዋል። ፍሬኑ መላላቱን እያወቀ «ግድ የለም፣ ዛሬን ያደርሰኛል» ብሎ የሚነዳ ሹፌር አንደኛው ነው። ሁለተኛው ፍሬኑን ጨርሶ ያላየው ነው፤ አለማወቁ አያድነውም፣ ማወቅ ነበረበትና። ምን ያህል ማወቅ ነበረበት? ዕድሜው፣ ልምዱ፣ ትምህርቱና ሥራው ይታያል። ከሐኪም የሚጠበቀው ጥንቃቄ ከእረኛ አይጠበቅም። ይህን ሚዛን እወደዋለሁ፤ ሰውን በቆመበት ቦታ ይለካዋል። ደግሞም በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው።

በሰፈራችን መንገድ ዳር ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ይሸፍነዋል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያልፉት በዚያው ነው። እኔም ስንት ቀን ዘልዬው ሄጃለሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። አንድ ማለዳ ግን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተተክሎበት፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፌስታል ታስሮበት አየሁ። ጎረቤታችን ጉልት የሚቸረችሩት እናት ናቸው የተከሉት። ቅጠሉ ሲደርቅ በአዲስ ይቀይሩታል።